የሻምበል አበበ ቢቂላ ሕይወት በቤታቸው ለሚሮጡ ሰዎች ምን ያስተምራል?

በአሁኑ ወቅት በከተሞቻችን የመሮጫ ማሽን ወይም ትሬድሚል ገዝቶ በመኖሪያ ቤት ማስቀመጥ እየተለመደ መጥቷል። አንዳንዱ ክብደት ለመቀነስ፣ አንዳንዱ የስኳርና የደም ግፊት ሕመሙን ለመቆጣጠር፣ ሌላው ደግሞ ማለዳ ወጥቶ ለመሮጥ ስለማይመቸው ይገዛዋል። ማሽኑ በአግባቡ ለተጠቀመበት ሰው ጥሩ አገልግሎት ይሰጣል። ያለ ጥንቃቄ ሲጠቀሙበት ግን ለመውደቅ፣ ለጉልበትና ለቁርጭምጭሚት ጉዳት፣ አልፎ አልፎም ለድንገተኛ የልብ ሕመም ሊያጋልጥ ይችላል። በዛሬው አምዳችን ይህንን ጉዳይ የምናነሣው በአንድ ታላቅ ኢትዮጵያዊ የሕይወት ታሪክ አማካይነት ነው። ሻምበል አበበ ቢቂላ ዝናውን ያተረፈው በሜዳና በጎዳና ላይ ሮጦ እንጂ በማሽን ላይ አይደለም። ይሁን እንጂ የሰው አካል እንዴት እንደሚጠነክር፣ እንዴት እንደሚጎዳና ከጉዳት በኋላ እንዴት እንደሚያገግም የእርሱ ታሪክ በግልጽ ያሳያል።

ደጋ ያሳደገው ልጅ

አበበ ቢቂላ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ ደጋ፣ ጃቶ በተባለች የገጠር መንደር ነው። በዚያው ዕለት በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የማራቶን ውድድር ይካሄድ ነበር። የልጅነት ዘመኑ ከጣሊያን ወረራ ጋር በመገጣጠሙ ቤተሰቡ ቀዬውን ለቅቆ ለመሄድ ተገድዶ ነበር። እንደ አካባቢው ልጆች ሁሉ በሰፊው ሜዳ ላይ ገና እየተጫወተ አደገ። የገና ጨዋታ ያለ ዕረፍት መሮጥን ስለሚጠይቅ ማንም ሳያሠለጥነው እግሩንና ትንፋሹን አጠንክሮለታል።

የሰሜን ሸዋን ደጋ የሚያውቅ አንባቢ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። በራቤል፣ በመሐል ሜዳ ወይም በሞላሌ ዙሪያ የሚያድግ ልጅ ውኃ ለመቅዳት ቁልቁለት ይወርዳል፣ ትምህርት ቤት ለመድረስ ዳገት ይወጣል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ በመሆኑ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ያነሰ ነው። በመሆኑም ልብና ሳንባ በትንሽ ኦክስጅን ብዙ ሥራ መሥራትን ይለምዳሉ።

ችግሩ የሚመጣው ይህንን የልጅነት ጉልበት ዛሬም እንዳለ ስንቆጥረው ነው። ራቤል ተወልዶ ያደገ፣ አሁን ግን አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ የሚውል የ45 ዓመት ሰው ማሽን ሲገዛ የልጅነት እግሩን አምኖ በመጀመሪያው ቀን ፍጥነቱን ከፍ ያደርጋል። የአካል ብቃት ግን ተቀምጦ የሚቆይ ሀብት አይደለም። እንቅስቃሴ ባቆምን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቀነስ ይጀምራል። ከዓመታት በኋላ ደግሞ የደጋው ልጅም ሆነ የከተማው ልጅ እኩል ጀማሪ ይሆናሉ። በዚህ ላይ ሳይታወቅ የቆየ የደም ግፊት ወይም ስኳር ሊኖር ይችላል።

ስለዚህ ዕድሜዎ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖ ለረጅም ጊዜ እንቅስቃሴ ካልሠሩ፣ የልብ፣ የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የኩላሊት ሕመም ካለብዎት፣ ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ ወይም በቤተሰብዎ ውስጥ በወጣትነቱ በልብ ሕመም የሞተ ሰው ካለ በቅድሚያ ሐኪም ያማክሩ። ቢያንስ የደም ግፊትዎንና የስኳር መጠንዎን ይለኩ።

ከሮም በፊት የነበሩት ዓመታት

አበበ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክቡር ዘበኛ ሠራዊት የተቀጠረው በ20 ዓመት ዕድሜው ገደማ ነው። በሠራዊቱ ውስጥ ከሱሉልታ ኮረብታዎች እስከ አዲስ አበባ እየተመላለሰ ይሮጥ ነበር። ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ተሰጥኦውን ተመልክቶ በሥርዓት ያሠለጥነው ጀመር። በ24 ዓመቱ በጦር ኃይሎች ውድድር በዋሚ ቢራቱ ተቀድሞ ሁለተኛ ወጣ። ሮም ላይ ሲያሸንፍ ዕድሜው 28 ዓመት ሆኖት ነበር። ዓለም በአንድ ምሽት የተገኘ አድርጎ የቆጠረው ድል ስምንት ዓመት ገደማ በፈጀ ልምምድ የመጣ ነው።

ጡንቻ በሳምንታት ውስጥ ይጠነክራል። ጅማትና አጥንት ግን ከጡንቻ ዘግይተው ነው የሚጠነክሩት። ጀማሪ ሯጮች በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር ጉልበታቸውን ወይም ቅልጥማቸውን የሚያማቸው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ ትንፋሻቸው ሲበረታ እግራቸውም እኩል የበረታ ይመስላቸዋል።

በቤት ውስጥ ማሽን የሚጀምር ሰው ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በሰዓት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ሜትር በሆነ ፍጥነት ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ ቢራመድ በቂ ነው። ከዚያ በኋላ በቅድሚያ ደቂቃውን፣ ቀጥሎ ፍጥነቱን ወይም ዳገቱን ይጨምሩ። ሁለቱንም በአንድ ቀን አይጨምሩ። መጠኑን ለማወቅ ቀላል መለኪያ አለ፦ እየተራመዱ ማውራት ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተዎት እንቅስቃሴው መካከለኛ ነው። ከጥቂት ቃላት በላይ መናገር ካልቻሉ ከባድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ ወይም 75 ደቂቃ ከባድ እንቅስቃሴ ሲሆን፣ በተጨማሪም በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ መሥራት ያስፈልጋል። 150 ደቂቃ ማለት በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን ማለት ነው።

በማሽኑ ላይ የሚታየው ቁጥርም ሊያጓጓን አይገባም። አበበ ቶኪዮ ላይ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን የሮጠበት አማካይ ፍጥነት በሰዓት 19 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብዙዎቹ የቤት ማሽኖች ይህን ፍጥነት አይደርሱበትም፤ ለጤና ሲባልም መድረስ አያስፈልግም።

ባዶ እግር በሮም

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአገራችን የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ አበበ በሮም ጎዳናዎች ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። ከጥቁር አፍሪካ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤትም ሆነ። በባዶ እግሩ የሮጠው በሮም ያገኘው ጫማ ስላልተመቸው ነው። ሆኖም ይህ በዕለቱ የተፈጠረ ድፍረት አልነበረም። ከልጅነቱ ጀምሮ በባዶ እግር የኖረና በባዶ እግርም የተለማመደ ሰው ነበር። የማይመች ጫማ አድርጎ 42 ኪሎ ሜትር ከመሮጥ የለመደውን መምረጡ ትክክል ነበር።

እኛ ግን ይህንን በማሽን ላይ ልንከተለው አይገባም። የማሽኑ ቀበቶ ሸካራና ፈጣን በመሆኑ የውስጥ እግርን ቆዳ ይልጣል፤ የወደቀ ሰውንም ያቃጥላል። በተለይ የስኳር ሕሙማን የእግራቸው ስሜት ሊደነዝዝ ስለሚችል ቁስሉን ሳያውቁት ሊያመረቅዝ፣ ከከፋም እግር እስከ ማስቆረጥ ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ በልክዎ የሆነ፣ ከአውራ ጣትዎ ፊት ትንሽ ክፍተት ያለው የስፖርት ጫማ ያድርጉ፤ ማሰሪያውንም አጥብቀው ይሰሩ። ነጠላ፣ ጋቢ ወይም እስከ መሬት የሚደርስ ቀሚስ ለብሰው ማሽኑ ላይ አይውጡ። የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑ ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ እግርዎን አገላብጠው ይመልከቱ።

ቶኪዮና ትርፍ አንጀት

በ1957 ዓ.ም. መስከረም ወር፣ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲቃረብ፣ አበበ በትርፍ አንጀት ታምሞ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከቀዶ ሕክምናው ስድስት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ ጥቅምት 11 ቀን ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ በዓለም ክብረ ወሰን አሸነፈ። ሁለት ጊዜ በተከታታይ የኦሊምፒክን ማራቶን ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰውም እርሱ ነው። በዚህ ጊዜ ጫማ አድርጎ ነበር። ውድድሩን ጨርሶ ሌሎቹ ሳይደርሱ በሜዳው ሣር ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ተመልካቹ በመገረም አጨበጨበለት።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮችን ለይተን እንያዝ። አንደኛው ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ከአልጋ ቶሎ ተነሥቶ ቀስ ብሎ መራመድ በአብዛኛው የሚመከር ነው፤ በእግር ውስጥ ደም እንዳይረጋ ይረዳል። ሩጫና ከባድ ሸክም ግን ቁስሉ ከውስጥ እስኪጠገን ድረስ መቆየት አለባቸው፤ ጊዜውን የሚወስነውም ያከመዎት ሐኪም ነው። አበበ ለዓመታት የተገነባ አካልና በቅርብ የሚከታተለው ቡድን ነበረው። የእርሱን ፍጥነት ለራሳችን መለኪያ ማድረግ አደገኛ ነው። ትኩሳት፣ የደረት ኢንፌክሽን ወይም ተቅማጥ ያለበት ሰውም እስኪሻለው ድረስ ከማሽኑ ይራቅ።

ሁለተኛው ከሩጫ በኋላ ሰውነትን ማፍታታት ነው። በምንሮጥበት ጊዜ ብዙ ደም ወደ እግር ጡንቻዎች ይሄዳል። በድንገት ስናቆም ደሙ እዚያው ይቆይና ወደ አንጎል የሚሄደው ይቀንሳል፤ ማዞር ወይም ራስን መሳት ይከተላል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ለዚህ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። ስለዚህ ሲጀምሩ 5 ደቂቃ፣ ሲጨርሱም 5 ደቂቃ በዝግታ ይራመዱ።

ሕመም ሲናገር መስማት

አበበ በ1959 ዓ.ም. በስፔን በተደረገ የማራቶን ውድድር ላይ በእግሩ ጡንቻ ጉዳት ምክንያት አቋርጦ ወጣ። በ1961 ዓ.ም. ጥቅምት ወር በሜክሲኮ ኦሊምፒክ ለሦስተኛ ጊዜ ሲሰለፍ እግሩ አልዳነለትም ነበር። 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሮጠ በኋላ አቆመ። ውድድሩን የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ አሸንፎ ወርቁ ሳይወጣ ቀረ። ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ ያለው ሰው በዓለም ፊት አቋርጦ መውጣቱ ቀላል ውሳኔ አይደለም። በሕክምና ዓይን ሲታይ ግን ትክክለኛ ውሳኔ ነው።

በቤታችን ተመልካች የለም፤ ስለዚህ ለማቆም የሚከለክለን ነገር አይኖርም። የደረት ሕመም ወይም መጫን፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር፣ የልብ ምት መዘበራረቅ፣ ማዞር ወይም ቀዝቃዛ ላብ ከተሰማዎት ወዲያውኑ ያቁሙ። በዕረፍት ካልተወገደ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ ተወግዶም ቢሆን እስኪመረመሩ ድረስ ወደ ማሽኑ አይመለሱ። ሲረግጡ የሚወጋ ወይም የሚያሳክስ የመገጣጠሚያና የአጥንት ሕመምም እረፍት ይፈልጋል።

ከአደጋው በኋላ

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ምሽት አበበ የሚያሽከረክራት መኪና ተገለበጠች። እስከ ማግሥቱ ጠዋት ድረስ በውስጧ ቆይቶ ተገኘ። ኅብለ ሰረሰሩ ስለተጎዳ ዳግመኛ ሊራመድ አልቻለም። ለሕክምና የተላከው እንግሊዝ ወደሚገኘው ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ነበር። በዚያ ሆስፒታል ሐኪሙ ሉድቪግ ጉትማን እንደ እርሱ ያሉ ታካሚዎችን በስፖርት ማገገም እንደሚቻል አሳይተው ነበር። ከእርሳቸው በፊት ኅብለ ሰረሰራቸው የተጎዳ ብዙ ሰዎች ተኝተው በሚወጣባቸው ቁስልና በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይሞቱ ነበር።

አበበ መጀመሪያ እጆቹን እንኳ ማንቀሳቀስ አቅቶት ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን ጉልበታቸው ተመለሰ። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ቀስት መወርወርና የጠረጴዛ ቴኒስ ተለማመደ፤ በ1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንድቪል ጨዋታዎች ተወዳደረ። በቀጣዩ ዓመት በኖርዌይ በውሾች በሚጎተት የበረዶ ላይ ጋሪ ውድድር አሸነፈ። እግሩን ያጣው ሯጭ እንቅስቃሴን አልተወም። እግሩ የማይታዘዝለት አንባቢም የክንድ፣ የትከሻና የትንፋሽ ልምምድ ለልቡም ለቆዳውም እንደሚጠቅም ከዚህ ሊረዳ ይገባል።

አደጋ ደቂቃ አይፈጅም፤ ይህ በማሽኑም ላይ እውነት ነው። ማሽኑን ግድግዳ ተጠግቶ እንዳይቆም ከኋላው 2 ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ይተዉለት። ሲጀምሩ በቀበቶው ላይ ሳይሆን በሁለቱ ዳር ጠርዞች ላይ ቆመው ያስነሡት፤ በዝግታ መዞር ሲጀምር ይግቡ። ከልብስ ጋር የሚያያዘውን የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ ገመድ ሁልጊዜ ያያይዙ። መብራት በድንገት ቢጠፋ መደገፊያውን ይዘው ይውረዱና መብራቱ ሲመለስ ችግር እንዳያመጣ ሶኬቱን ይንቀሉ። ስልክ እያዩ አይሩጡ። ሕፃናት ጣታቸውን ቀበቶው ሥር ስለሚያስገቡ ማሽኑ ሥራ ላይ ሳለ አያስጠጓቸው፤ ሲጨርሱም ቁልፉን አንሥተው ያስቀምጡ። በጾም ወቅት የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ባዶ ሆዳቸውን አይሩጡ፤ መድኃኒታቸውንና የልምምድ ሰዓታቸውን ከሐኪማቸው ጋር ያስተካክሉ።

ሻምበል አበበ ቢቂላ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ በ41 ዓመቱ ዐረፈ። ሥርዓተ ቀብሩ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና እጅግ ብዙ ሕዝብ በተገኙበት በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተፈጸመ። ማሽን ያለዎት አንባቢ ነገ ጠዋት ጫማዎን አጥብቀው ያሰሩ፣ ገመዱን ከልብስዎ ጋር ያያይዙና በ10 ደቂቃ ርምጃ ይጀምሩ። ማሽን የሌለዎት ደግሞ አይቆጩ፤ የራቤልም ሆነ የእንጦጦ ዳገት ያለ መብራትና ያለ ክፍያ ያገለግላል።