ፊልሙ ሳይወጣ ቤተ መንግሥቱን የሠራው ሰውዬ

የዛሬው ወጋችን የሚጀምረው ከአንዲት የ9 ዓመት ልጅ ጥያቄ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ እኛ ቤት አደረች። ማታ ላይ «ዊክድ»ን አብረን አየን። ያው ታውቁታላችሁ፤ በ2024 መጨረሻ አካባቢ የወጣው፣ ስለ አረንጓዴዋ ጠንቋይ የሚያወራው ፊልም ነው። እኔ ግማሹን እንቅልፍ እየታገለኝ ነው ያየሁት፤ እሷ ግን ዓይኗን አልነቀለችም። ሲያልቅ ስለ ጠንቋይዋ ትጠይቀኛለች ብዬ ስጠብቅ ስለ ቦታው ጠየቀችኝ። ኦዝ የሚባለው አገር የት ነው? በአውሮፕላን ይኬዳል ወይ? ፊልም እኮ ነው፣ የለም አልኳት። አልተዋጠላትም። ከሌለ ታዲያ ለምን አይሠሩትም አለችኝ።

ጠዋት ስነሳ ደብተሯ ጀርባ ላይ ካርታ ስትስል አገኘኋት። መንገዱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ባቡር ጣቢያው፣ ሁሉም አለ። እኔም እንደ ማንኛውም የሐበሻ አጎት ይኼን ተይና የቤት ሥራሽን ሥሪ አልኳት። ምንም ሳትናገር ደብተሯን ዘጋችው። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ ያቺ ዝምታ ናት።

ምክንያቱም ጥያቄው የልጅ ጥያቄ ብቻ አይደለም። አንድ አዲስ ፊልም ሰው በእግሩ ገብቶ የሚዞርበት መንደር ይወጣዋል ወይስ አይወጣውም በሚለው ጉዳይ ላይ ትልልቅ ኩባንያዎች ቢሊዮን ዶላሮች ይቆምሩበታል። መልሱን ፍለጋ ስነሳ ደግሞ ከሞተ 60 ዓመት ገደማ የሆነው አንድ ሰውዬ ጋ ደረስኩ፤ ዋልት ዲዝኒ። ስሙን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሰውዬውን ግን? እኔ እንኳ አላውቀውም ነበር ማለት ይቀለኛል። (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ዋልት ዲሴምበር 5 ቀን 1901 ቺካጎ ተወለደ። ገና የ4 ዓመት ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ሚዙሪ ግዛት ውስጥ ማርሲሊን ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሄዶ እርሻ ያዘ። እዚያ የቆዩት 5 ዓመት ያህል ብቻ ነው። ግን ያቺ ከተማ፣ ዋናው መንገዷና በመሃሏ የሚያልፈው ባቡር ዕድሜ ልኩን ከልቡ አልወጡም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስባታለን።

እርሻው አልሆነም። በ1911 ወደ ካንሳስ ሲቲ ሲዛወሩ አባትየው ኤላያስ የጋዜጣ እደላ ሥራ ያዙ። አዳዮቹ እነማን ናቸው? ዋልትና ታላቅ ወንድሙ ሮይ። ሌሊት ከዶሮ ጩኸት ጋር ተነስተው፣ በበረዶ እየተንሸራተቱ ጋዜጣ ያድሉና ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። አባትየው ጥብቅ ሰው ነበሩ፤ ስዕል እንጀራ ይሆናል የሚል እምነት አልነበራቸውም። ልጁ ግን መሳሉን አልተወም።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ ማግስት የቀይ መስቀል ሾፌር ሆኖ ፈረንሳይ ቆየ። ተመልሶ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ የካርቱን ስቱዲዮ ከፈተ። በ1923 ከሰረ። ዕድሜው 21 ነበር። ሻንጣውን አንጠልጥሎ ሆሊውድ ገባ፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ከሮይ ጋር ሌላ ስቱዲዮ ጀመረ። ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ እንግዲህ የሁለት ወንድማማቾች ነው። አንዱ ያልማል፣ አንዱ ገንዘቡን ይፈልጋል።

በ1927 ኦስዋልድ የሚባል ጥንቸል ፈጠሩ፤ ተወደደ። በ1928 ግን የባለቤትነት መብቱ የእሱ እንዳልሆነ ዋልት ተነገረው። መብቱ የዩኒቨርሳል ነበር። ሠራተኞቹንም አብዛኞቹን ወሰዱበት። አስቡት፤ የገዛ እጃችሁ ሥራ በአንድ ፊርማ የሌላ ሰው ሲሆን! ከዚያ ብስጭት ውስጥ ነው እሱና አብሮት የቀረው ሰዓሊ አብ አይወርክስ አንዲት አይጥ ይዘው የመጡት። ሚኪ ማውስ ኖቬምበር 18 ቀን 1928 በድምፅ ታጅቦ ኒው ዮርክ ላይ ታየ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዋልት የፈጠረውን ነገር ለማንም አሳልፎ ሰጥቶ አያውቅም። (ኦስዋልድ ወደ ዲዝኒ ቤት የተመለሰው በ2006 ነው። «ዊክድ»ን የሠራው ማን መሰላችሁ? ያው ዩኒቨርሳል። ዓለም ትንሽ ናት።)

በ1937 «ስኖው ዋይት» ወጣች። ከአንድ ሰዓት በላይ የሚረዝም ካርቱን ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ ብዙ ሰው አልነበረም። የፊልም ሰፈሩ ሰው የዲዝኒ እብደት እያለ ይስቅበት ነበር። ወጪው ወደ 1 ሚሊዮን ተኩል ዶላር ደረሰ። ፊልሙ ግን ዓለምን አዳረሰ። ለዚህ ሥራው የተሰጠው የኦስካር ሽልማት አንድ ትልቅና ሰባት ትንንሽ ሐውልቶች ነበሩት፤ ለሰባቱ ድንኮች መሆኑ ነው።

ደስታው ግን አልቆየም። ወንድማማቾቹ ባገኙት ገንዘብ ለእናትና አባታቸው ቤት ገዝተው ነበር። በ1938 እናታቸው ፍሎራ ከቤቱ ማሞቂያ ባፈተለከ ጋዝ ታፍነው ሞቱ። ይህን ሐዘን ዋልት ሲያወራው አይሰማም ነበር ይባላል። ቀጥሎ ጦርነቱ መጣና የአውሮፓን ገበያ ዘጋው፤ «ፒኖኪዮ» እና «ፋንታሲያ» ኪሳራ ላይ ወደቁ። በ1941 ደግሞ የራሱ ሰዓሊዎች የሥራ ማቆም አድማ መቱበት። ሰውዬው ያን ጊዜ የ39 ዓመት ጎልማሳ ነበር፤ ዕዳውም አናቱ ላይ ደርሷል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እየቀረብን ነው።

ዋልት ሁለት ሴት ልጆች ነበሩት። በእረፍት ቀን ሎስ አንጀለስ ውስጥ ግሪፊዝ ፓርክ ይወስዳቸዋል። እነሱ በሚሽከረከሩት የእንጨት ፈረሶች ላይ ይጫወታሉ፤ አባት አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ኦቾሎኒውን ይቆረጥማል። ይህ ነገር ያሳስበው ነበር። ለምን ልጅ ብቻ ይጫወታል? ወላጅና ልጅ አብረው የሚደሰቱበት፣ ንጹሕ የሆነ ቦታ ለምን አይኖርም? እኛስ ስንቶቻችን ነን ልጅ ልናጫውት ወስደን ጥግ ይዘን ስልክ የምንነካካው? በ1951 ኮፐንሃገን ሄዶ ቲቮሊ የሚባለውን የመዝናኛ ሥፍራ ሲያይ ሐሳቡ ቁርጥ ሆነ።

ቦታው ተገኘ፤ አናሃይም ውስጥ 160 ኤከር የብርቱካን እርሻ። ገንዘቡ ግን የለም። ሮይ አመነታ፣ ባንኮችም ፊታቸውን አዞሩ። ዋልት የሕይወት ኢንሹራንሱን አስይዞ ተበደረ፤ ፓልም ስፕሪንግስ የነበረውን የእረፍት ቤቱን ሸጠ። በሴፕቴምበር 1953 ኸርብ ራይማን የሚባል ሰዓሊን አስጠርቶ አጠገቡ ቆሞ እየነገረው በሁለት ቀን ውስጥ ሙሉውን ፓርክ ወረቀት ላይ አስቀመጠ። ሮይ ያን ስዕል ይዞ ኒው ዮርክ ወረደ። በመጨረሻ ኤቢሲ ቴሌቪዥን 500 ሺህ ዶላር አዋጣ፣ ለ4.5 ሚሊዮን ዶላር ብድር ደግሞ ዋስ ሆነ። በምላሹ ዋልት በየሳምንቱ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ሊሠራለት ተስማማ። ነገሩ ሲጠቃለል እንግዲህ በአንድ ስዕል ነው ብድር የተገኘው።

ዲዝኒላንድ በአንድ ዓመት ውስጥ ተገንብቶ ጁላይ 17 ቀን 1955 ተከፈተ። ወጪው 17 ሚሊዮን ዶላር። የመክፈቻው ቀን ጉድ ነበር። በሐሰተኛ ትኬት ጭምር ከታሰበው በላይ ሕዝብ ጎረፈ። ሙቀቱ ከመክበዱ የተነሳ የሴቶቹ ታኮ አዲሱ አስፋልት ውስጥ ይሰምጥ ነበር። የቧንቧ ሠራተኞች አድማ ላይ ስለነበሩ ዋልት ከመጸዳጃ ቤትና ከመጠጥ ውኃ አንዱን መምረጥ ነበረበት፤ መጸዳጃ ቤቱን መረጠ። ይህ ሁሉ በቀጥታ ስርጭት እየታየ ነው! ከአስተዋዋቂዎቹ አንዱ በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ሮናልድ ሬገን ነበር። ሆኖም ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ አንድ ሚሊዮን ሰው ገባበት።

እሺ፣ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። በፓርኩ መሃል የቆመው ቤተ መንግሥት የተሰየመው በእንቅልፍ በተያዘችው ልዕልት፣ በ«ስሊፒንግ ቢዩቲ» ነው። ፊልሟ መቼ ወጣ? በ1959። ማለትም ሰዎች ፊልሙን ከማየታቸው 4 ዓመት በፊት ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ገብተው ወጥተዋል። ከበሩ ቀጥሎ ያለው ዋና መንገድ ደግሞ ከየትኛውም ፊልም አልመጣም፤ የማርሲሊን ትዝታ ነው። የ5 ዓመት የልጅነት ኑሮ በሚሊዮን ዶላር ተመልሶ ተሠራ። ዋልት ራሱ እስከ መጨረሻው ሲከታተለው የነበረው የባሕር ወንበዴዎች መዝናኛም እንዲሁ ነው፤ በ1967 ተከፈተ፣ «ፓይሬትስ ኦፍ ዘ ካሪቢያን» የተባለው ፊልም የወጣው በ2003 ነው። ስለዚህ ፊልም መንደር ይወልዳል ወይ ብለን ስንጠይቅ፣ ቦታም ፊልም ይወልዳል የሚለውን አንርሳ።

ሌላም አለ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የስኖው ዋይት መዝናኛ ውስጥ ስኖው ዋይት ራሷ አልነበረችም። ለምን? ተሳፋሪው ራሱ ስኖው ዋይት ነው ተብሎ ነዋ! የፒተር ፓኑም እንደዚያው። ሰው ግን አልገባውም፤ የታለች እያለ ይጠይቅ ነበር። በ1983 ሲታደስ ገጸ ባሕርያቱ ገቡ። ሐሳቡ ግን ትክክል ይመስለኛል። ፊልም ላይ ጀግናውን ታያለህ፤ መንደሩ ውስጥ ግን የምትራመደው አንተ ነህ። መራመድ የማያሰኝ ፊልም የቱንም ያህል ገንዘብ ቢያስገባ መንደር አይወጣውም።

ሦስተኛው ትዕግሥት ነው። ቁጥሩን እዩት። «ፍሮዝን» በ2013 ወጣ፣ ሆንግ ኮንግ ላይ መንደር የሆነው በ2023 ነው። «አቫታር» በ2009፣ መንደሩ ፍሎሪዳ ላይ በ2017። የዘንዶዎቹ ደሴት ደግሞ ከፊልሙ 15 ዓመት ቆይቶ በ2025 ኦርላንዶ ላይ ተከፈተ። አዲስ ፊልም በወጣ ማግስት ቲክቶክን ሊሞላው ይችላል፤ መንደር የሚሠራለት ግን ልጆቹ አድገውም ካልረሱት ነው።

ኦዝስ? የሚገርመው ነገር ዋልት ራሱ በ1954 የአብዛኞቹን የኦዝ መጻሕፍት መብት ገዝቶ ነበር። ፊልም ሊሠራ አሰበ፣ ሳይሆን ቀረ። ከሞተ በኋላ በ1970 ሌሎች ሰዎች ኖርዝ ካሮላይና ተራራ ላይ የኦዝ ፓርክ ከፍተው በ1980 ዘጉት። ቀላል አይደለም ማለት ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ይቻላል። የ«ዊክድ» ሠሪዎች እንግሊዝ አገር 9 ሚሊዮን ያህል የቱሊፕ አበባ ያስተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ተመልካች ቦታውን እንዲያምነው ነው። የእህቴ ልጅም አምናዋለች።

ዋልት ዲሴምበር 15 ቀን 1966 በሳንባ ካንሰር ሞተ። የ65 ዓመት ሰው ነበር፤ ሲጋራ ከእጁ አይለይም ነበር። በነገራችን ላይ አስከሬኑ በበረዶ ተቀምጧል የሚለው የቲክቶክ ወሬ ውሸት ነው፤ አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ ካሊፎርኒያ ተቀብሯል። ፍሎሪዳ ላይ ያስገዛው ሰፊ መሬት ገና ረግረግ ነበር። ጡረታ ሊወጣ የነበረው ሮይ ጡረታውን ትቶ ያን ሥራ ጨረሰ። በ1971 ኦክቶበር ሲከፈት ፓርኩ የወንድሙን ሙሉ ስም እንዲይዝ አደረገ፤ ዋልት ዲዝኒ ወርልድ። ሦስት ወር ሳይሞላ እሱም ሞተ። እኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ ልቤን የነካው ይኼ ነው። የሚስለው ብዙ ነው። የሌላውን ስዕል ተሸክሞ ኒው ዮርክ ድረስ የሚሄድ ግን የት ይገኛል?

ትናንት እህቴ ጋ ደወልኩና ልጅቷን አቅርቢልኝ አልኳት። ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ካርታውንም በስልክ ፎቶ አንስታ እንድትልክልኝ ለመንኳት። ላከችው። የመግቢያው በር የት ነው ስላት፣ ባቡር ጣቢያው ነዋ አለችኝ፤ ሰው በጣቢያው ሥር አልፎ ይገባል። ዲዝኒላንድ የሚገባ ሰውም በመጀመሪያ የሚያልፈው በባቡር ጣቢያው ሥር ነው። ይህን ማንም አልነገራትም።

የቤት ሥራዋን ደግሞ ለካ ቅዳሜ ማታ ፊልሙ ሳይጀመር ጨርሳው ነበር።