ካርቱምን ያቋረጠችው መኪና እና የታሰረው መሐንዲሷ

ሁለት ወጣት ቼኮዝሎቫኪያውያን፣ ኢርዢ ሃንዜልካ እና ሚሮስላቭ ዚክሙንድ፣ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1947 ከፕራግ ተነሱ። አፍሪካን በመኪና ሲያቋርጡ የኑቢያን በረሃ አልፈው ካርቱም ገቡ፤ ከሱዳንም ወደ ኢትዮጵያ ዘለቁ። ይነዷት የነበረችው ታትራ 87 ሞተሯ ከኋላ የተገጠመ፣ ነፋስን ለመሰንጠቅ የተቀረጸች፣ በደህና መንገድ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትከንፍ መኪና ነበረች።

የመኪናዋ ዋና መሐንዲስ ሃንስ ሌድዊንካ ግን በዚያ ወቅት እስረኛ ነበር።

ሌድዊንካ በ1878 በቪየና አቅራቢያ በምትገኘው ክሎስተርኖይቡርግ ተወለደ። ገና በወጣትነቱ የባቡር ፉርጎ ይሠራ በነበረ የሞራቪያ ፋብሪካ ተቀጠረ። ፋብሪካው በኋላ ታትራ የተባለው ነው።

ስሙን ያስጠራችው በ1923 የወጣችው ታትራ 11 ናት። በዘመኑ የአብዛኞቹ መኪኖች የኋላ ጎማዎች በአንድ ግትር አክስል የተያያዙ ነበሩ፤ አንዱ ጎማ ድንጋይ ሲረግጥ ሌላውም አብሮ ይናጋል። ሌድዊንካ አክስሉን ለሁለት ከፈለው። እያንዳንዱ ግማሽ እንደ ወፍ ክንፍ ለብቻው ከፍ ዝቅ የሚል ሆነ። በተለመደው ሻንሲ ምትክም አንድ ወፍራም የብረት ቱቦ የመኪናዋ አከርካሪ አደረገ። ለኮረኮንች መንገድ ከዚህ የተሻለ መፍትሔ በዚያን ጊዜ ማግኘት ይከብድ ነበር።

ክንፉ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ጎማው ከፍ ዝቅ ሲል ቅስት እየሠራ ስለሚጓዝ ይዘማል፤ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ስፋትም ይለዋወጣል። ጎርበጥባጣ መንገድ ላይ የመኪናው ጀርባ የሚቅበዘበዘው በዚህ ምክንያት ነው። ኩርባ ላይ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። በፍጥነት የገባ አሽከርካሪ ደንግጦ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሳ ጀርባው ወደ ላይ ይነሳል፤ በውጭ በኩል ያለው ጎማ ከሥር ወደ ውስጥ ይታጠፍና መንገዱን በጠርዙ ብቻ ይይዛል። ከባዱ ሞተርም ከኋላ ስለሆነ ጅራቱ እንደ ፔንዱለም ይወረወራል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ መኪና ሲቀርብለት ብልህ መካኒክ መፍቻ ከማንሳቱ በፊት ጀርባው የሚዋልለው መቼ እንደሆነ ይጠይቃል። ቀጥ ባለ ኮረኮንች ላይ ከሆነ አሞርዛተሩን፣ የአክስሉን መታጠፊያ እና የጎማውን አየር ይመረምራል። ኩርባ ላይ እግር ሲነሳ ብቻ ከሆነ ግን ሕመሙ ከንድፉ ነው፤ ብሎን በማጥበቅ አይድንም።

የታትራ መሐንዲሶችም ይህንን አላጡትም። በ1934 የወጣችው ታትራ 77 ጅራቷ ከብዷት ነበር። እሷን የተካችው ታትራ 87 አጠር ያለች ሆነች፤ በቀላል የብረት ቅይጥ የተሠራ ሞተር ተገጠመላት፤ ክብደቷም በመቶዎች ኪሎ ግራም ቀነሰ። ችግሩ ተቃለለ እንጂ አልጠፋም። በጦርነቱ ወቅት በርካታ የጀርመን መኮንኖች በዚህች መኪና ተገልብጠው ስለሞቱ እንዳይነዷት ተከልክለው ነበር የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ ይነገራል። ወሬው ከማስረጃው ይልቅ ፈጣን ይመስላል።

ሌድዊንካን የጎዳው ሌላ ነው። በወረራው ዘመን ታትራ ለጀርመን ጦር አምርቷል፤ እሱም በፋብሪካው ቆይቷል። ጦርነቱ ሲያበቃ ከወራሪው ጋር ተባብረሃል ተብሎ ታሰረ። ሃንዜልካና ዚክሙንድ ከአፍሪካ አልፈው ደቡብ አሜሪካ ደርሰው በ1950 ሲመለሱ፣ መኪናቸው የአገሪቱ ኩራት ሆና ስትወደስ፣ እሱ ገና አልተፈታም ነበር።

በ1951 ተለቀቀ። ወደ ታትራ እንዲመለስ ቢጠየቅም እምቢ ብሎ ወደ ኦስትሪያ፣ ቀጥሎም ወደ ጀርመን ሄደ። ታትራ ንድፌ ተወስዷል በሚል በፎልክስቫገን ላይ ያነሳው የቆየ ክርክር በ1960ዎቹ በካሳ ሲዘጋ ለእሱ የደረሰው ነገር አልነበረም። በ1967 ሙኒክ ውስጥ አረፈ። የአገሪቱ ፍርድ ቤት ስሙን ያደሰው በ1992 ነው። ታትራ ግን ዛሬም የጭነት መኪኖቹን በዚያው የብረት ቱቦና በዚያው በተከፈለ አክስል ላይ ይሠራል።