ወለል እየጠረገ አብራሪ የሆነው ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን

የሚኒ ሚዲያ ክበባችን የታዋቂ ሰዎች ዓምድ ዛሬም ተመልሶ መጥቷል። የዛሬው እንግዳችን የውጭ ሀገር ሰው ነው፤ መቃብሩ ግን እዚሁ ኢትዮጵያ ነው።

መጀመሪያ ይህን ታሪክ ለምን እንደመረጥኩ ልንገራችሁ። ታላቅ ወንድሜ ኮምፒውተር ላይ የጦር አውሮፕላን ማብረር ይወዳል። ነገሩ ዝም ብሎ የተኩስ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ሞተሩን ለማስነሳት ብቻ ብዙ ቁልፎችን በቅደም ተከተል መጫን አለበት። የነዳጁን፣ የፍጥነቱንና የከፍታውን ሰዓት ሁሉ እያየ ነው የሚያበረው። የአውሮፕላኑን አፍንጫ ከመጠን በላይ ቀና ካደረገው ክንፉ መሸከም ያቅተውና አውሮፕላኑ እንደ ድንጋይ ይወርዳል። እንዲህ እውነተኛውን የሚመስል ማለማመጃ ሲሙሌተር ይባላል። ወንድሜ በቀን አስር ጊዜ ይከሰከሳል፤ ከዛ ይስቅና እንደገና ይጀምራል። አንድ ቀን አንድ ጎረቤታችን አይተውት ከኛ ሰፈር ፓይለት እንደማይወጣ ነግረውት ሳቁበት። ወንድሜ ዝም አለ። እኔ ግን በጣም ተናደድኩ። ይህን ታሪክ ፈልጌ የጻፍኩት ለሱ ነው፤ እናንተም አንብቡት።

ጆን ሮቢንሰን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1903 አሜሪካ ውስጥ በፍሎሪዳ ተወለደ። ያደገው ግን ሚሲሲፒ ውስጥ ባለችው ጋልፍፖርት በምትባል የባህር ዳር ከተማ ነው። አባቱ የሞተው እሱ ገና ሕፃን እያለ ስለሆነ ያሳደጉት እናቱና የእንጀራ አባቱ ናቸው። ልጅ ሆኖ አውሮፕላን አየና ልቡ እዛው ቀረ። እኛም እኮ በወልቂጤ ሰማይ አውሮፕላን ሲያልፍ ሮጠን ወጥተን እጃችንን እናውለበልባለን። ልዩነቱ፣ እሱ ባደገበት ጊዜና ቦታ ጥቁር ሰው ከነጭ ጋር አንድ ትምህርት ቤት መማር አይፈቀድለትም ነበር። አውሮፕላን ማብረርማ ጭራሽ የሚታሰብ አልነበረም።

ሮቢንሰን ታዲያ በሚቻለው ጀመረ። ቱስኬጊ በሚባለው የጥቁሮች ትምህርት ቤት የመኪና ጥገና ተማረ። ከዚያ ወደ ቺካጎ ሄዶ በመካኒክነት ይሠራ ጀመር። እዛ ከተማ ከርቲስ ራይት የሚባል የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ነበር። ለመማር ቢጠይቅ በቆዳው ቀለም ምክንያት አልተቀበሉትም። ምን አደረገ መሰላችሁ? ትምህርት ቤቱ ውስጥ በጽዳት ሠራተኝነት ተቀጠረ! ተማሪዎቹ ሲማሩ እሱ መጥረጊያውን ይዞ ያዳምጣል፤ ክፍሉ ባዶ ሲሆን ደግሞ ሰሌዳው ላይ የቀረውን ይገለብጣል። ከጓደኞቹ ጋር ሆኖም በሞተር ሳይክል ሞተር የሚሠራ ትንሽ አውሮፕላን ገጣጠሙ።

በመጨረሻ ትምህርት ቤቱ እሱንና ኮርኔሊየስ ኮፊ የተባለውን ጓደኛውን ተቀበላቸው። ሁለቱም ተምረው ተመረቁ። ይግረማችሁና ከዛ በኋላ ያው ትምህርት ቤት ሌሎች ጥቁር ተማሪዎችን እንዲያስተምሩ አደረጋቸው። ችግሩ ግን በዚህ አላበቃም። አውሮፕላን ማረፊያዎቹ ጥቁር አብራሪዎችን አናስተናግድም ስላሉ ሮቢንስ በምትባል ትንሽ የጥቁሮች ከተማ የራሳቸውን ማረፊያ ሠሩ። ብዙም ሳይቆይ ማዕበል መጥቶ አፈረሰባቸው። እነሱ ግን ሌላ ቦታ ፈልገው ቀጠሉ።

አሁን ወደ ሀገራችን እንምጣ። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን አውሮፕላን ያገኘችው በ1921 ዓ.ም ነው። በ1927 ዓ.ም ጣሊያን ልትወረን ስትዘጋጅ አሜሪካ ይማሩ የነበሩት ዶክተር መላኩ በያን የሮቢንሰንን ነገር ሰሙ። በሳቸው አማካይነት ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ጥሪ ደረሰው። ሮቢንሰንም ሥራውንና ቤቱን ትቶ በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ገባ። ንጉሡ ኮሎኔል አድርገው የአየር ኃይሉ አዛዥ ሾሙት።

አየር ኃይል ሲባል ብዙ አትጠብቁ። መብረር የሚችሉት አውሮፕላኖች ሃያ አይሞሉም፤ አብዛኞቹ ያረጁና መሣሪያ የሌላቸው ነበሩ። ጣሊያን ደግሞ በመቶ የሚቆጠሩ የጦር አውሮፕላኖች ነበሯት። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም አድዋ በቦምብ ስትደበደብ ሮቢንሰን እዛው ነበረ። መዋጋት የማይችል አውሮፕላን ይዞ መልእክትና መድኃኒት ወደ ጦር ግንባር ያመላልስ ነበር። የጠላት አውሮፕላን ሲመጣበት ዝቅ ብሎ በተራራና በሸለቆ መካከል እየተሽሎከሎከ ያመልጣል። የመርዝ ጋዙንም ጉዳት በዓይኑ አይቷል። በዚህ ሥራው ቡናማው ኮንዶር የሚል ስም ወጣለት። ኮንዶር በአሜሪካ የሚገኝ ትልቅ አሞራ ነው።

ጦርነቱ በጣሊያን የበላይነት ሲያልቅ በ1928 ዓ.ም ወደ አሜሪካ ተመለሰ። ኒው ዮርክና ቺካጎ ላይ ብዙ ሕዝብ ወጥቶ ተቀበለው። እሱ ግን በክብሩ ተደስቶ አልተቀመጠም፤ ቺካጎ ውስጥ የበረራ ትምህርት ቤት ከፈተ። ትናንት መጥረጊያ ይዞ ሲያዳምጥ የነበረው ሰው እሱ ራሱ አስተማሪ ሆነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ወደ ሲሙሌተር ነገር ልመለስ። የመጀመሪያውን ታዋቂ የበረራ ማለማመጃ በአውሮፓውያን 1929 የሠራው ኤድዊን ሊንክ የተባለ አሜሪካዊ ነው። አባቱ ኦርጋንና ፒያኖ የሚሠራ ፋብሪካ ስለነበራቸው የተጠቀመው በኦርጋን ወናፍ ነው። ወናፍ ታውቃላችሁ አይደል? አንጥረኛ እሳት የሚያናፋበት! ወናፎቹ አየር ሲሞሉና ሲያስወጡ ማለማመጃው እንደ አውሮፕላን ያዘነብላል። መጀመሪያ የገዙት መዝናኛ ቦታዎች ነበሩ። ኋላ የአሜሪካ ጦር አብራሪዎች በመጥፎ አየር ፖስታ ሲያደርሱ ብዙዎች ሲሞቱ ጊዜ ጦሩ ስድስት ገዛ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሺህ የሚቆጠሩ አብራሪዎች በሱ ተለማመዱ። ስለዚህ ጨዋታ የሚመስለው ነገር የሰው ሕይወት ማዳኛ ሆነ። ዛሬ የኢትዮጵያ አየር መንገድም አብራሪዎቹን አዲስ አበባ በሚገኙ ትላልቅ ሲሙሌተሮች ያሠለጥናል።

ኮሎኔል ሮቢንሰን ሀገራችን ነፃ ከወጣች በኋላ በ1936 ዓ.ም ተመልሶ መጣ። ከሱ ጋር ሌሎች ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎችም ነበሩ። የኢትዮጵያ ወጣቶችን ማብረርና መጠገን አስተማሩ። ማብረር ብቻ ሳይሆን መጠገንም ማስተማራቸውን ልብ በሉ! በቀጣዮቹ ዓመታት አየር ኃይላችን ማዕከሉን ቢሾፍቱ አደረገ፤ ስዊድናውያንም መጥተው አስተማሩ። ሮቢንሰን ግን ኑሮውን አዲስ አበባ አድርጎ ቀረ።

መጋቢት 4 ቀን 1946 ዓ.ም የሚያበረው አውሮፕላን ተከሰከሰ። በዚያን ቀን ለታመመ ሰው ደም ለማድረስ ይበር እንደነበር ይነገራል። ክፉኛ ቆስሎ ከሁለት ሳምንት በኋላ በ50 ዓመቱ አረፈ። የተቀበረውም አዲስ አበባ ጉለሌ ነው።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ለወንድሜ አነበብኩለት። መጨረሻው ላይ ስደርስ ኮምፒውተሩን አየት አደረገና ዝም አለ። እሱ ሲከሰከስ አንድ ቁልፍ ተጭኖ እንደገና ይጀምራል። ኮሎኔል ሮቢንሰን ግን እንደገና መጀመር አልቻለም። በማግስቱ ወንድሜ ሲከሰከስ አልሳቀም። ደብተር አውጥቶ ለምን እንደወደቀ ጻፈ፤ ፍጥነቱ ስንት እንደነበረ፣ አፍንጫው ምን ያህል ቀና እንዳለ። ሒሳቡ ሲያቅተው ደግሞ የፊዚክስ መጽሐፉን አወጣ። ጎረቤታችን ያሉትን እስካሁን አልመለሰላቸውም። እኔ ግን ደብተሩ መልስ ይመስለኛል።

ተማሪዎች ሆይ! ቤተ ሙከራው ባይሟላ፣ ኮምፒውተሩ አንድ ሆኖ ለብዙ ተማሪ ቢሆን፣ ሮቢንሰንን አስቡት። እሱ የጀመረው በመጥረጊያ ነው።

የሳምንቱ ጥያቄዎች፦
1ኛ. ኮሎኔል ሮቢንሰን ወደ ከርቲስ ራይት ትምህርት ቤት መጀመሪያ የገባው በምን ሥራ ነው?
2ኛ. የሊንክ ማለማመጃ የሚያዘነብለው በምን ኃይል ነው?
3ኛ. የአውሮፕላን አፍንጫ ከመጠን በላይ ቀና ሲል ምን ይሆናል? ለምን? (ይህን የሳይንስ መምህራችሁን ጠይቁ።)

መልሱን ጽፋችሁ የክበባችን ሳጥን ውስጥ ጨምሩ። በሰልፍ ሰዓት እናነበዋለን። እስከዚያው ቸር እንሰንብት!