ቻፕሊንን ለአያቴ

ሮቢት ሳድግ የማውቀው ቻርሊ ቻፕሊን እየሮጠ የሚወድቀውን ነበር፡፡ ሙሶሊኒን ያላገጠበትን "ዘ ግሬት ዲክታተር" ግን ቆቦም ወልድያም ባሉት ቪዲዮ ቤቶች አጣሁት፡፡

ሰውዬው እ.ኤ.አ በ1889 ለንደን ተወለደ፡፡ እናቱ ሕመምተኛ ስለነበረች በ7 ዓመቱ የድሆች መጠለያ ገባ፡፡ እ.ኤ.አ በ1914 ሆሊውድ ውስጥ ፊልም መሥራት ጀመረ፤ በጠባብ ኮቱ፣ በሰፊ ሱሪውና በከዘራው ዓለም አወቀው፡፡ እ.ኤ.አ በ1940 ደግሞ በራሱ ገንዘብ በሠራው ፊልም ሂትለርንና ሙሶሊኒን መሳቂያ አደረጋቸው፡፡ ኮሚኒስት ነው እየተባለ ሲታማ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ በ1952 ለጉዞ እንደወጣ ወደ አሜሪካ የመመለሻ ፈቃዱ ተሰረዘበት፡፡ ኑሮውን ስዊዘርላንድ አደረገ፡፡ እ.ኤ.አ በ1972 የክብር ኦስካር ሊቀበል አሜሪካ ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ በ1977 በፈረንጆች ገና ዕለት አረፈ፡፡

እኔ ፊልሙን የፈለግሁት ለአያቴ ነበር፡፡ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም ማይጨው ላይ ተዋግተዋል፤ ስለ መርዝ ጋዙ ግን ትንፍሽ አይሉም፡፡ ካሴቱን በ1990 ዓ.ም አዲስ አበባ፣ ፒያሳ አገኘሁትና ቆቦ ወስጄ አሳየኋቸው፡፡ ዝም ብለው ያያሉ፡፡ ያ ደረቱን የነፋው ወፍራም ሰው ሙሶሊኒ መሆኑን ስነግራቸው ካሴቱን ሦስት ጊዜ ወደኋላ አስመለሱኝ፡፡

የዚያን ዕለት ማታ፣ ሳንጠይቃቸው፣ ስለ ማይጨው ነገሩን፡፡