ያኑሽ ኮርቻክና የማታው ደብተር

ሐኪም፣ ደራሲና መምህር የነበሩት ያኑሽ ኮርቻክ በዋርሶ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1878 ወይም በ1879 ተወለዱ። ዓመቱ ያልተረጋገጠው አባታቸው ልደታቸውን በጊዜው ባለማስመዝገባቸው ነው። ዕድሜያቸውን በመመዝገብ ላሳለፉ ሰው ይህ የሚያስገርም አጀማመር ነው። እውነተኛ ስማቸው ሄንሪክ ጎልድሽሚት ሲሆን ኮርቻክ የብዕር ስማቸው ነው። አባታቸው ጠበቃ ነበሩ፤ በአእምሮ ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው በ1896 ሲሞቱ ልጁ እየተማሩ ሌሎችን በማስጠናት ቤተ ሰቡን መርዳት ግድ ሆነባቸው። ይኸው ሕመም አንድ ቀን እርሳቸውንም እንዳያገኛቸው የነበራቸው ሥጋት ግን እስከ መጨረሻው አልለቀቃቸውም።

በሕክምና ተመርቀው በሕፃናት ሆስፒታል ሠሩ፤ በጸሐፊነታቸውም ታወቁ። ሆኖም በ1912 በክሮክማልና መንገድ ቁጥር 92 በተከፈተው የአይሁድ እጓለ ማውታ ቤት ኃላፊነቱን ከስቴፋኒያ ቪልቺንስካ ጋር ተረከቡ። የቤቱ የዕለት ተዕለት ሥራ በአብዛኛው የቆመው በእኒህ ሴት ትከሻ ላይ ስለ ነበረ፣ ስማቸው ከኮርቻክ ስም ኋላ መቅረቱ ፍትሐዊ አይደለም።

በዚህ ቤት የደብዳቤ ሣጥን ነበር። ቅሬታ ያለው፣ ጥያቄ የከነከነው ወይም ምሥጢር የከበደው ልጅ ጉዳዩን ጽፎ ይጨምርበታል፤ ዶክተሩም አውጥተው ያነባሉ። መቶ ያህል ልጆች የሚያሳድግ ሰው ሁሉንም በየደቂቃው ለማዳመጥ አይችልም። ኮርቻክ ግን ከዚህ የሚበልጥ ጥቅም አዩበት። ልጁ ወረቀት ፈልጎ ሐሳቡን እስኪሰበስብ ድረስ ቁጣው ይበርዳል፤ ቀላሉን ከከባዱ መለየትና መልስ መጠበቅም ይለምዳል። ጠብንና ስድብን ለመቀነስ ከዶክተሩ ጋር የሚወራረዱ ልጆችም ነበሩ። በሳምንቱ ስንት ጊዜ እንደሚሳሳት ልጁ ራሱ ይወስናል፤ ቁጥሩ በደብተር ይመዘገባል፤ ሽልማቱ ከረሜላ ነው።

ልጆች ዳኛ ሆነው የሚያስችሉበት ፍርድ ቤትም ነበር። ኮርቻክ በስድስት ወር ውስጥ አምስት ጊዜ ራሳቸውን ከሰው ቀርበዋል። ከክሶቹ አንዱ ልጅ በጥፊ መምታታቸው፣ ሌላው አንዲት ልጃገረድን በስርቆት መጠርጠራቸው ነበር። መምህር ይደክመዋል፤ ሲደክመውም ይበድላል። እርሳቸው ይህን ከመሸሸግ ይልቅ በጽሑፍ አውጥተው ለአንባቢ አቀረቡት።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የተለማማጅ መምህራኑ ደብተር ነው። ወጣቶቹ ማደሪያና ምግብ እያገኙ በቀን ጥቂት ሰዓት ከልጆቹ ጋር ይሠሩ ነበር። ያዩትን፣ የተሳሳቱትንና ግራ የገባቸውን ማታ ማታ በየደብተራቸው ይጽፋሉ፤ ቪልቺንስካም እያነበቡ መልሳቸውን እዚያው ያሰፍራሉ። በሥራ ቦታ የቀን መዝገብ የያዘ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ማንም የማያነበው መዝገብ ውሎ አድሮ ባዶ ፊርማ ይሆናል። የዚህ ቤት ደብተር ሕይወት ያገኘው መልስ ስለ ነበረው ነው። በ1926 ኮርቻክ የመሠረቱት፣ ልጆች የሚጽፉበት ሳምንታዊ ጋዜጣም ከዚሁ እምነት የመነጨ ነበር።

ጀርመኖች ፖላንድን ከያዙ በኋላ ቤቱ በ1940 መጨረሻ አይሁድ በግንብ ወደ ታጠሩበት ጌቶ እንዲዛወር ተገደደ። ለልጆቹ የተገኘው ድንች ሲወሰድ ኮርቻክ ሊሟገቱ ሄዱ፤ የግዳጁን የክንድ ምልክት ስላላሠሩም ታሰሩ። ሲፈቱ ጤናቸው ተጎድቶ ነበር። ቢሆንም በየቀኑ በየደጁ እየዞሩ እህልና ገንዘብ ይለምኑ ነበር።

በ1940 ጀምረው ያቋረጡትን የግል ማስታወሻ በግንቦት 1942 እንደገና ያዙ። የሚጽፉት ልጆቹ ሲተኙ ነው። በእነዚህ ገጾች የሚገኘው ሰው የሚወራለት ጻድቅ አይደለም፤ የሚራብ፣ የሚነጫነጭ፣ የአባቱን ዕጣ የሚፈራ ሽማግሌ ነው። ልጆቹም የየራሳቸውን ማስታወሻ ይጽፉ ነበር፤ ዶክተሩ ካነበቡት ጥቂቱን በራሳቸው ደብተር ገልብጠውታል። አንዱ ሰንጢ ስለ ማግኘቱና ለድሆች ሊሰጥ ስላሰበው ሣንቲም ጽፏል። ሌላው በቤቷ ተቀምጣ ስለምታለቅስ ባል የሞተባት ሴት ጽፏል። በረኀብ መካከል ልጆቹ ገና ሌላውን ሰው ያዩ ነበር።

በጁላይ 22 ቀን 1942 የጌቶው ሕዝብ ወደ ትሬብሊንካ መጋዝ ጀመረ። ኮርቻክ ለመጨረሻ ጊዜ የጻፉት በኦገስት 4 ቀን ነው። በመስኮቱ አጠገብ አበባ ሲያጠጡ መሣሪያ የያዘ ጀርመናዊ ዘበኛ ከታች ቆሞ ያያቸዋል። ለምን እንደማይተኩስ እያሰላሰሉ፣ ከጦርነቱ በፊት ምን ይሠራ እንደ ነበር ይገምታሉ፤ ምናልባት የገጠር መምህር ይሆን እንደ ነበርም ያስባሉ። ከዚህ በኋላ የተጻፈ የለም። በዚያው ሳምንት ኮርቻክ፣ ቪልቺንስካ፣ ባልደረቦቻቸውና 200 ገደማ ልጆች ወደ ባቡሩ ተወሰዱ።

ማስታወሻው ግን ከጌቶው ወጥቶ ለኮርቻክ የቀድሞ ረዳት ለኢጎር ኔቬርሊ ደረሰ። በዋርሶ ዳርቻ በሚገኝ ሌላ የእጓለ ማውታ ቤት ግድግዳ ውስጥ ተገንብቶበት ከጦርነቱ ተረፈ፤ በ1958 ታተመ።