ታይ ኮብ፤ ችሎታውና ጠባዩ

የስፖርት ሰውን ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ ሁለት ሥራ ይጠብቀዋል። አንደኛው ተጫዋቹ በሜዳ ላይ የፈጸመውን መቁጠር ሲሆን፣ ሁለተኛው ምን ዓይነት ሰው እንደ ነበረ መመርመር ነው። በአሜሪካ የቤዝቦል ታሪክ ስሙ ገኖ የሚነሣው ታይረስ ሬይመንድ ኮብ፣ በአጭር አጠራሩ ታይ ኮብ፣ ሁለተኛው ሥራ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ያሳያል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮብ ዲሴምበር 18 ቀን 1886 በደቡባዊቷ የጆርጂያ ክፍለ ግዛት ተወለደ፤ ያደገውም ሮይስተን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ ዊልያም ኸርሸል ኮብ መምህር፣ የትምህርት ቤቶች ኃላፊና የክፍለ ግዛቱ ሴኔት አባል ነበሩ። ልጃቸው ሐኪም ወይም ጠበቃ እንዲሆንላቸው ይመኙ ስለ ነበር፣ ኳስ ተጫዋች ለመሆን መነሣቱን የፈቀዱለት በግድ ነው። ኦገስት 8 ቀን 1905 ሌሊት እኚህ አባት ከቤታቸው መስኮት ውጭ ሳሉ፣ ሚስታቸው ተኩሰው ገደሏቸው። እናቲቱ ሌባ መስሎኝ ነው ብለው ቃላቸውን ሰጡ፤ በተከታዩ ዓመትም ፍርድ ቤት በነፃ አሰናበታቸው። ኮብ ለዲትሮይት ታይገርስ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው አባቱ በሞቱ በሦስት ሳምንት ውስጥ፣ ኦገስት 30 ቀን ነው። እጅግ የሚያከብራቸው አባቱ በዚያ ታላቅ ሜዳ ሲጫወት አላዩትም። ይህ ሐዘን ሳይሽርለት ነባር የቡድኑ ተጫዋቾች ያንገላቱትና ያገልሉት ጀመር። በተፈጥሮው ቁጡ የነበረው ወጣት ከዚያ ወዲህ ሰውን ሁሉ በጥርጣሬ የሚያይ ሆነ።

ቤዝቦል የተወረወረለትን ኳስ በዱላ የመታ ተጫዋች ሦስት ማረፊያዎችን እየረገጠ ዞሮ ወደ ተነሣበት በመመለስ ነጥብ የሚያስቆጥርበት ጨዋታ ነው። በኮብ ዘመን ኳሱ ለስላሳ ስለ ነበር አርቆ መምታት ብርቅ ነበር። ስለዚህ ድሉ የሚገኘው በብልሃትና በፍጥነት ነበር። ኮብ የወርዋሪዎቹን ልማድ ያጠናል፤ ተቃራኒው ሳይዘጋጅ ከማረፊያ ወደ ማረፊያ ይሮጣል። በሃያ አራት የውድድር ዘመን ከ4,100 ጊዜ በላይ በመምታት ማረፊያ ደርሷል፤ ይህን ክብረ ወሰን ፒት ሮዝ የሰበረው በ1985 ነው። በ1936 ለቤዝቦል የክብር አዳራሽ የመጀመሪያ ምርጫ ሲደረግ፣ ከ226 ድምፅ 222ቱን በማግኘት ዝነኛውን ቤብ ሩትን ሳይቀር በልጦ አንደኛ ወጣ።

የጠባዩ ነገር ግን ሌላ ነው። በሜይ 1912 በኒው ዮርክ ሜዳ ሲሰድበው የቆየን አንድ ተመልካች ወደ መቀመጫው ወጥቶ ደበደበው። ሰውየው በማተሚያ መኪና አደጋ እጁ የጎደለ ነበር። የሊጉ ፕሬዚዳንት ኮብን ቢያግዱት፣ ብዙዎቹ የማይወዱት የቡድን ጓደኞቹ እሱ ካልተመለሰ አንጫወትም አሉ። ቡድኑም በችኮላ በተለቀሙ ሰዎች ተጫውቶ በፊላዴልፊያ 24 ለ 2 ተሸነፈ። በመጨረሻ ጓደኞቹን ወደ ጨዋታው እንዲመለሱ የመከራቸው ራሱ ኮብ ነበር።

ከዚህ የከፋም አለ። በ1908 በዲትሮይት ጎዳና ላይ አንድ ጥቁር የመንገድ ሠራተኛን በመምታቱ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ብሎታል። ይህን የሚያስተባብል ሰነድ የለም። በሌላ በኩል ይኸው ሰው በ1952 ጥቁር ተጫዋቾች ከነጮች ጋር እኩል የመጫወት መብት እንዳላቸው በይፋ ደገፈ። ቀድሞ በገዛው የጄኔራል ሞተርስና የኮካ ኮላ አክሲዮን ባለጸጋ ሆኖ ስለ ነበር፣ በ1950 በሮይስተን ለወላጆቹ መታሰቢያ ሆስፒታል አሠራ፤ በ1953ም ለጆርጂያ ችግረኛ ተማሪዎች የትምህርት ገንዘብ አቋቋመ። የገዛ ቤቱ ግን አልቀናም፤ ሁለት ጋብቻው ፈርሷል፤ ሁለት ወንዶች ልጆቹም ቀድመውት ሞቱ።

ጁላይ 17 ቀን 1961 በአትላንታ ሲሞት፣ ስሙ የግለ ታሪኩን መጽሐፍ አብሮት ባዘጋጀው በአል ስተምፕ እጅ ወደቀ። ስተምፕ በዚያው ዓመት በመጽሔት፣ በ1994 ደግሞ በመጽሐፍ የሣለው ኮብ ከቅናትና ከጥላቻ በቀር ሌላ የሌለው ጨካኝ ነበር፤ ፊልምም ተሠራበት። ይሁንና ኋላ የተነሡ ተመራማሪዎች ብዙው ትረካ ማስረጃ እንደሌለው አረጋገጡ። ለምሳሌ ስተምፕ አባቱ በረጅም አደን ጠመንጃ እንደ ተገደሉ ሲጽፍ፣ በጊዜው የተሰጠው የምስክርነት ቃል ግን የሚለው ሽጉጥ ነው። በ1909 በክሊቭላንድ ሆቴል ኮብ የተጣላው ዘበኛ ለብዙ ዓመታት ጥቁር ነው ሲባል ቢቆይም፣ ቻርልስ ሊርሰን በ2015 ባሳተመው ታሪክ ነጭ መሆኑን ከሕዝብ ቆጠራ መዝገብ አሳይቷል።

ከዚህ የምንረዳው ኮብ ንጹሕ ሰው ነበር ማለትን አይደለም። የ1908ቱ ፍርድና የ1912ቱ ድብደባ በመዝገብ ሰፍረዋል፤ የ1909ኙ ጠብም የተጣላው ሰው ነጭ ሆኖ በመገኘቱ ጠብነቱ አይቀርም። ሐሰቱ ሲራገፍ የሚቀረው ሰው ከቀድሞው ስም የተሻለ፣ ከወዳጆቹ ምስጋና ግን ያነሰ ነው። ችሎታው ጥፋቱን አይሰርዝለትም፤ ጥፋቱም ያላደረገውን እንድንጭንበት ፈቃድ አይሰጠንም።

ቁጥሩም ቢሆን ከዚህ ምርመራ አላመለጠም። ኮብ በዱላ ዕድሉ ያስመዘገበው 0.367 አማካይ ለረጅም ዘመን የማይደረስበት ተብሎ ቆይቷል። በ2024 ግን ዋናው የቤዝቦል ሊግ ጥቁሮች ተገልለው ይጫወቱባቸው የነበሩትን ሊጎች ውጤት በይፋ መዝገቡ ሲያካትት፣ ጆሽ ጊብሰን በ0.372 አንደኛ ሆነ። ጊብሰን የሞተው በጃንዋሪ 1947፣ ጃኪ ሮቢንሰን የቀለም ግድግዳውን ከመሻገሩ ሦስት ወር ቀደም ብሎ ነበር፤ በኮብ ሊግ እንዲጫወት አልተፈቀደለትም። እንግዲህ የኮብ ዘመን ታላላቅ ቁጥሮች ሁሉ ከሜዳው የተከለከሉትን ሰዎች ሳይቆጥሩ የተጻፉ ነበሩ። ይህን ለማወቅ መዝገቡን እንደ ገና መክፈት አስፈለገ፤ የኮብንም ጠባይ ለማወቅ የሚያስፈልገው ይኸው ነው።