ፍሎረንስ ናይቲንጌልና የቅጽ ጥያቄ

ፍሎረንስ ናይቲንጌል ሲባሉ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በሌሊት ፋኖስ ይዘው ቁስለኛ ሲጎበኙ ነው። የረጅም ዕድሜያቸው ሰፊው ክፍል ያለፈው ግን በጽሕፈት ጠረጴዛ አጠገብ፣ ጥያቄ እንዴት ቢጻፍ እውነተኛ መልስ እንደሚያስገኝ ሲመረምሩ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1820 ከእንግሊዛውያን ወላጆች በኢጣሊያ፣ በፍሎረንስ ከተማ ተወለዱ። በ1854 በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ 38 ነርሶች አስከትለው ስኩታሪ ወደሚገኘው የጦር ሆስፒታል ሲደርሱ፣ ከቁስሉና ከወረርሽኙ ሌላ የመዝገብ ዝብርቅ ጠበቃቸው። የሟቾች ቁጥር ከመዝገብ መዝገብ ይለያያል፤ የበሽታዎቹም አሰያየም ወጥ አልነበረም። ስለዚህ ስንቱ በጥይት፣ ስንቱ በንጽሕና ጉድለት እንዳለቀ መለየት አስቸጋሪ ሆነ።

ከጦርነቱ በኋላ ከስታቲስቲክስ ሊቁ ከዊልያም ፋር ጋር እየተመካከሩ ለሆስፒታሎች ሁሉ የሚሆን አንድ ዓይነት ቅጽ አዘጋጁ። በዓመቱ መጀመሪያ የነበሩ፣ በዓመቱ ውስጥ የገቡ፣ ድነው የወጡ፣ የሞቱና በዓመቱ መጨረሻ የቀሩ ሕሙማን በየራሳቸው ዓምድ እንዲመዘገቡ አደረጉ። ቅጹ በ1860 ለንደን ላይ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የስታቲስቲክስ ጉባኤ ድጋፍ አገኘ። ይሁን እንጂ አሞላሉ አድካሚ በመሆኑ እንደታሰበው ሳይስፋፋ ቀረ።

በ1861 ለሚደረገው የእንግሊዝ ሕዝብ ቆጠራም ሁለት ጥያቄዎች እንዲጨመሩ አሳሰቡ፤ አንደኛው በቆጠራው ዕለት በየቤቱ ስላሉት ሕሙማን፣ ሁለተኛው ስለ መኖሪያ ቤቶች ሁኔታ ነበር። የአገር ግዛት ሚኒስትሩ ሰር ጆርጅ ሉዊስ ግን የጤናና የሕመም ወሰን ያልለየለት ነው በማለት አልተቀበሉትም። ናይቲንጌል የአየርላንድ ቆጠራ ሕሙማንን መዝግቦ እንደነበር ቢያስረዱም አልተሳካላቸውም።

በ1910 በ90 ዓመታቸው ሲያርፉ ለሙያው የተዉት ትምህርት ከድላቸው ብቻ ሳይሆን ከእነዚህ ሁለት እንቅፋቶችም የሚገኝ ነው። መረጃ ፈላጊው የሚሻውን ማወቁ ብቻ አይበቃም፤ ጥያቄው በሞይው ጊዜና ዕውቀት ልክ መሆን አለበት። ታመው ያውቃሉን? ተብሎ ቢጠየቅ አንዱ ራስ ምታቱን ይቆጥራል፤ ሌላው አልጋ ላይ የጣለውን ብቻ። ባለፉት ሰባት ቀናት በሕመም ምክንያት ከሥራ ቀርተው እንደሆነ ቢጠየቅ ግን ሁሉም የሚመልሰው ስለ አንድ ነገር ነው። ቅጹ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር በተዛወረበት በዛሬው ዘመን፣ ሞዪው ብቻውን ተቀምጦ ሲሞላ የሚያስረዳው ሰው በአጠገቡ የለምና፣ ይህ ጥንቃቄ ይበልጥ ያስፈልጋል።